የእትዬ የሺ የወረንጦ ጣሳ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰላም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቅንድቧን ስታስተካክል አንዲት ፀጉር እምቢ አለቻት። መስታወቱን እያጠጋች፣ እያራቀች ብትሞክርም አልሆነላትም። «እማ፣ በናትሽ ይቺን አንዷን ብቻ ንቀይልኝ» ብላ ወረንጦውን ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት፤ ጎንበስም አልኩ። ከዚያ በኋላ እጄ ቀጥ ብሎ ቀረ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቀኛለች፤ እኔ ደግሞ ወረንጦውን እንደያዝኩ ከድሬዳዋው ቤቴ ወጥቼ ጅጅጋ ደርሻለሁ። «ምነው፣ ፈራሽ እንዴ?» አለችኝ አንድ ዓይኗን ገልጣ። ፈርቼ አይደለም። «አንዷን ብቻ ንቀይልኝ» የሚለውን ልመና ከእናቴ አፍ ስንት ዘመን ሰምቼዋለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን እምቢ ያልኳትም በዚሁ ልመና ነው።

ያኔ የምንኖረው ጅጅጋ፣ ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት ጥግ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ ወታደር ነበር፤ ከመሀል አገር ሲመደብ ይዞን መጣ፣ በዚያ በትልቁ ጦርነት ጊዜ እዚያው ቀረ። እናቴ ወደ አገሯ እንድትመለስ ዘመዶቿ ቢለምኗትም «እሱን እዚህ ትቼ የት እሄዳለሁ?» አለቻቸው። የምትተዳደረው በጥልፍ ነበር። ሁለት ጣዎሶች ፊት ለፊት ቆመው፣ ከሥራቸው «መልካም እንቅልፍ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የእናቴን የትራስ ልብስ የማያውቅ ሙሽራ በከተማው አልነበረም። ክሩን የምንገዛው ጥግ ላይ ካለው ጉራጌ ባለሱቅ ነው፤ አንዱ ጥቅል በስሙኒ። የስሙኒ ነገር ከተነሳ፣ ያኔ በስሙኒ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ያውም በወተት፣ ቅመሙ አፍንጫ የሚሰብር። ከድንበር ማዶ የሚመጣው ሳሙና አንዱ ብቻ ተፈትቶ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ የዓመት ልብስ ያውዳል። ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጥበት መደዳ አጠገብ ድሪያዎቹ በገመድ ተሰቅለው ነፋሱ ሲያነሳቸው፣ ስስና ባለ አበባ ሆነው፣ ሴቶቹ ራሳቸው የሚበሩ ይመስሉ ነበር። ከሻይ ቤቱ ራዲዮ በኡድ የታጀበ የሶማሊኛ ዘፈን ይመጣል፤ ከማዶው ቡና ቤት ቴፕ ደግሞ የአማርኛ ትዝታ፤ ሁለቱ መሀል መንገድ ላይ ይገናኙና የማንም ያልሆነ ሦስተኛ ዘፈን ይሆናሉ። አንድ ቀይ ድሪያ ለመልበስ እንዴት እመኝ ነበር! ግን ሰው ያየኛል ብዬ አልደፈርኩም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ፣ ሰው ሲያናግረኝ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ የምወትፍ ልጅ ነበርኩ። ባለሱቁን እንኳ የምፈልገውን የክር ቀለም በጣቴ ነበር የማሳየው።

የጅጅጋን ነፋስ የኖረበት ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ከሜዳው ይነሳና ከተማውን አቧራ ያለብሰዋል፤ የካራማራ ተራራ እንኳ ከፊታችን ይጠፋል። እናቴ የዓይኗን በሽታ የምታሳብበው በነፋሱ ነበር። ኋላ እንደተነገረን ግን ትራኮማ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲመላለስባት ኖሮ የዓይኗን ቆብ ከውስጥ አኮማትሮታል። ቆቡ ሲኮማተር ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞራል። ዓይኗን በጨፈነች፣ በገለጠች ቁጥር የገዛ ፀጉሯ ብሌኗን ይፍቀዋል። መድኃኒቱ ብለን የምናውቀው ወረንጦ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ፀሐዩን ፊት ለፊት አድርጌ እቀመጥና ራሷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ እነቅልላታለሁ። ጎረቤታችን ሀቦ ኸድራም አብራን ትቀመጣለች። ሀቦ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ኸድራ የግመል ወተት ነጋዴ ነበረች፣ ዓይኗ እንደ እናቴ የታመመ። «ናያ ዘነበች፣ ፍጠኚ፣ ወተቴ ሊኮመጥጥ ነው!» እያለችኝ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ናያ አንቺ ማለት ነው። ሌሎችም የሠፈር ሴቶች ይመጣሉ። እርስ በርስ ይነቃቀላሉ፣ ያወራሉ፣ ሰው ያማሉ፣ ይስቃሉ። የተነቀለ ቀን እፎይ ይላሉ። ፀጉሩ ግን እንደገና ሲያቆጠቁጥ አጭርና ጠጣር ስለሚሆን ከበፊቱ ብሶ ይወጋል።

የእናቴ ግራ ዓይን ነጭ ነገር ከለበሰው ቆይቷል። በቀኙ ነበር የምትጠልፈው። መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነበርኩ፤ እያደር ግን የጣዎሱን ላባ አረንጓዴና ሰማያዊ እየቀላቀለች መጣች። ልትናገር አትወድም፤ እኔም ማታ ማታ እየፈታሁ አስተካክልላት ነበር።

በዚያ ጊዜ የከተማውን ሕመም የተሸከሙት ጤና ረዳቶቹ ናቸው። ሰው ድሬሰር ይላቸዋል። ዶክተር አንድ ሰሞን ይመጣል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል፤ እነሱ ግን ሁልጊዜ አሉ። ዛሬ ለጥርስ ሌላ፣ ለጆሮ ሌላ፣ ለቆዳ ሌላ ሰው አለ። ያኔ አንዱ ሰው ጠዋት የቲቢ መርፌ ወግቶ፣ ቀትር ላይ የተሰበረ እጅ አስሮ፣ ከሰዓት ለምጥ ይጠራል። የሆነ ሆኖ እያንዳንዳቸው በልባቸው የያዙት አንድ ሥራ ነበራቸው፣ ከተማውም በዚያው ስም አውጥቶላቸዋል። በሶማሌ አገር ቅጽል ስም የሌለው ሰው እንግዳ ብቻ ነው። አብዲ ሳል የምንለው የቱሊ ጉሌድ ከተማ ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ። የሱ ነገር ቲቢ ነው። ሳሉ ሲተዋቸው መድኃኒቱን ጥለው ከግመሎቻቸው ጋር የሚሄዱትን ሰዎች ሜዳ ድረስ ተከትሎ፣ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ተቀምጦ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ቀልዶ፣ ለምኖ ይመልሳቸው ነበር። የሺ ምጥ ደግሞ እትዬ የሺ ናት፤ አዋላጅ። ወፍራም፣ ቀይ፣ ድምፅዋ ከሦስት ግቢ የሚሰማ። ጥርስ ነቃዩ ሲጠፋ ጥርስም ትነቅላለች። «ጥርስና ልጅ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ካልተጮኸ አይወጡም» ትል ነበር። ዓይናፋርነቴን ስታይ «አንቺ፣ ነጠላው ጨው አለው እንዴ?» ብላኝ ታልፋለች።

አቶ ግርማ የመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው። ጤና ረዳት ሆኖ ሳለ የዓይን ቆብ መገልበጥን የሚያስተካክለውን ቀዶ ሕክምና ተምሮ ነበር። ወሬውን ሰምተን ሄድን። ሲወጣ አየነው፤ ቁመቱ የበሩን መቃን የሚነካ፣ ጣቶቹ የሙዝ ያህል። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «በዚህ ጣት ነው ዓይን የሚነካው? ይሄስ በሬ ይጠምድበት» አለችኝ። እሱ ግን ቆቧን ሲገለብጠው እንኳ መነካቷን አላወቀችም። በትንሽ ባትሪ እያበራ ረጅም ጊዜ አያት።

«እማማ ጥሩነሽ፣ ግራው አልፏል። አልዋሽዎትም» አላት። «ቀኙም ጀምሮታል። ቆቡን ወደ ውጭ ካዞርነው ያለው ይተርፋል። ካልሆነ የሚመጣውን ክረምት አይሻገርም።»

«ዶክተር፣ ሐረር ልሂድ?»

«ዶክተር አይደለሁም እማማ፤ ጤና ረዳት ነኝ። ሐረርም መሄድ አያስፈልግዎትም፣ እኔው እሠራዋለሁ። ሰኞ ይምጡ።»

ለሀቦ ኸድራና ለሌሎቹም ሰኞ ኑ አላቸው። እሑድ ከሰዓት ግቢያችን እንደ ዓመት በዓል ዋዜማ ሆነ። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ተሠሩ፣ እግራቸውን ታጠቡ፣ ሻሻቸውን አጠቡ። ከዚያ ሁሉም ወረንጦ ወረንጦአቸውን ይዘው ተቀመጡ። ባለሙያ ፊት በተዝረከረከ ዓይን መቅረብ ነውር ነው ተባለ። እኔም የእናቴን አንድ በአንድ፣ እንደ ሸማ ጥለት አጽድቼ ለቀምኩላት። በዚያን ቀን የቀረ ሽፋሽፍት አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት አግዳሚው ላይ ተደረደርን። አቶ ግርማ የመጀመሪያዋን ሴት ዓይን ገለጠ። ሁለተኛዋን ገለጠ። እናቴ ጋ ደረሰ።

«እማማ ጥሩነሽ፣ ፀጉሩ የታለ?»

«ነቀልነዋ!» አለች ኮራ ብላ።

«ማን ንቀሉ አላችሁ?»

«ምነው ልጄ፣ ሰው ፊት እንዲያው ይመጣል እንዴ? አጽድተን ነው የመጣን።»

አቶ ግርማ እስከ አግዳሚው ጫፍ ድረስ ሄዶ ሁሉንም አየ። ከዚያ ያ ሁሉ ቁመቱ መሬት ላይ ቁጢጥ አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኛ ምን እንዳጠፋን አልገባንም። ሲበቃው ዓይኑን በክንዱ ጠረገና አስረዳን። የትኛው ፀጉር እንደዞረ፣ ቆቡ ከየት እስከ የት እንደሚከፈት የሚያሳየው ፀጉሩ ራሱ ነው። «ምልክቱን ነቅላችሁ እኔን ፈልግ ብትሉኝ፣ በምን ልፈልግ?» አለ።

«ሀዬ፣ እንግዲህ እስከ ነገ ይበቅላል» አለች ሀቦ ኸድራ ሳትደነግጥ።

«ወር ሳይሞላው አይበቅልም፣ ሀቦ።»

ነገሩ እስከዚህ ሳቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ተነሳና ሰው ድንበር ላይ ባለችው በአውበሬ በኩል ይጎርፍ ጀመር። ሕፃን ያዘለች፣ ሽማግሌ የምትጎትት፣ በባዶ እግሯ የመጣች፤ ሜዳው በሰው ተሞላ አሉ። አቶ ግርማ ወደዚያ እንዲሄድ ታዘዘ። እዚያ ዓይን አይደለም ሥራው፤ ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ ቁስል ነው። ሊሰናበተን ሲመጣ እናቴን «አይንቀሉ ብቻ። ፀጉሩ ይደግ። እመለሳለሁ» አላት። መቼ እንደሚመለስ ግን አልነገረንም፤ ራሱም አያውቅም ነበር።

በማግስቱ እትዬ የሺ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዛ በሠፈሩ ዞረች። ግቢያችን በር ላይ ቆማ «መሣሪያ ላስፈታ መጥቻለሁ! ወረንጦ ያላችሁ አውጡ!» ብላ ጮኸች። ያኔ መሣሪያ ማስፈታት ቀልድ አልነበረም፤ ሴቶቹ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንድ በአንድ ጣሳው ውስጥ ጣሉ። ሀቦ ኸድራም ጣለች።

«ሁለተኛውስ?» አለቻት እትዬ የሺ።

«ወላሂ፣ ሌላ የለኝም።»

«ኸድራ፣ አምስት ልጅ ያዋለድኩሽ ሴት ነኝ፤ የት እንደምትደብቂ አላውቅም?»

ኸድራ እየሳቀች ከመቀነቷ ውስጥ ሁለተኛውን አወጣች። ጣሳው ሲወዘወዝ የቤተ ክርስቲያን ጸናጽል ይመስል ነበር። እትዬ የሺ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናትሽን አንቺ ትጠብቂያለሽ። ብትለምንሽ እምቢ በይ።» እኔ እናቴን እምቢ ብዬ አላውቅም። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አፌ ውስጥ ነጠላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ላስታውሳቸው አልወድም፤ እነሱ ግን አይረሱኝም። ፀጉሩ ማቆጥቆጥ ሲጀምር እናቴ ዓይኗን ጨፍና መጥለፍ ለመደች። በጣቷ እየዳበሰች የጣዎስ አንገት ታወጣለች። ነፋስ ሲነሳ እርጥብ ጨርቅ አስሬላት ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። የሰጡን ቅባት ትንሽ ያስታግሳል እንጂ መውጋቱን አያስቀርም። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የአባቴን የወታደር ሳጥን ከፍታ አገኘኋት። ከምላጩና ከማበጠሪያው ጋር የኖረውን፣ እሾህ የሚያወጣበትን ወረንጦ ይዛለች። ያንን ለእትዬ የሺ አልሰጠነውም ነበር፤ ማናችንም አላስታወስነውም።

«ልጄ፣ አንዷን ብቻ ንቀይልኝ። ይቺን የመሀሏን። ግርማም አያውቅ።»

ዓይኗ ደም መስሏል። እንባዋ ያለ ልቅሶ ይወርዳል። ወረንጦውን ወደ እኔ ዘርግታለች።

«እምቢ» አልኩ።

የወጣው ድምፅ የኔ አልመሰለኝም። እሷም አልመሰላትም፤ ሌላ ሰው የገባ ይመስል ወደ በሩ ዞረች። «እምቢ አልሽኝ?» አለችኝ። «አንቺ?»  ወረንጦውን ከእጇ ወሰድኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ በነፋሱ ውስጥ እየሮጥኩ እትዬ የሺ ቤት ድረስ ሄጄ ጣሳው ውስጥ ጣልኩት። እትዬ የሺ ቤቷን ገና አሳድሳ ነበር፤ በረንዳዋ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ በቆርቆሮ የተተከለ አበባ ተደርድሮበት። እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ። አልጠየቀችኝም። «ነገ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋ እንገባለን። እናትሽንና ኸድራን ይዘሽ ነይ» ብቻ አለችኝ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል። ሦስታችን ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ሁሉም ይሰማናል። አብዲ ሳል ገብቷል፣ እትዬ የሺ ገብታለች፣ መድኃኒት ሊወስድ ብቅ ያለው አቶ ግርማም አቧራውን ሳያራግፍ ገብቷል።

«ወይዘሮ የሺ፣ እዚያ ሕፃን በተቅማጥ እየረገፈ እኔ ስለ ሽፋሽፍት ላውራ?»

«ግርማ ይቅርልን አላልንም» አለ አብዲ በዝግታ። «እሱ እዚያው ይሥራ። ሴቶቹን መድኃኒት በሚጭነው መኪና እንላክለት። ስደተኛውን አይቶ ሲጨርስ ከሰዓት በኋላ አንዳንድ ይሠራላቸዋል።»

«ጌታዬ፣ ብርሃን እስካለ ድረስ እችላለሁ» አለ አቶ ግርማ።

«መኪናው ዕቃ ነው የሚጭነው። ሕመምተኛ ከተጫነ አብሮ የሚሄድ፣ አብሮ የሚያድር ባለሙያ ያስፈልጋል። ከየት ላምጣ? አዋላጅ ላኩ ብለው እየጮሁብኝ የሚሄድ ሰው አጥቻለሁ።»

 የእትዬ የሺ ድምፅ መጣ፤ እንደ ልማዱ ሳይሆን ዝቅ ብሎ።

«እኔ እሄዳለሁ።»

«ምን?»

«አዋላጅ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ። በሄድኩበት መኪና ሴቶቹ ይሂዱ። እነሱ ድነው ሲመለሱ እኔ እዚያው እቀራለሁ።»

ሰማያዊው በረንዳ ትዝ አለኝ። ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው፤ እህቷ ጋ ልትተዋቸው ነው። ይህን ሁሉ ቤቷ ስታስበው አድራ ይሁን እዚያው ቆማ የመጣላት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«የሷን ሥራ እዚህ እኔ እሸፍናለሁ» አለ አብዲ።

«አንተ?» ድምፅዋ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ምጥ የያዛትን ሴት አክታ አምጪ እንዳትላት!»

ኃላፊው ሳይወድ ሳቀ። ወጥቶ በሩ ላይ ቆመና እናቴን አያት። ቆቧን አልነካም፤ እንባዋን ብቻ አየ። ወደ እኔ ዞረ። «ልጇ ነሽ? አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ነጠላው አፌ ውስጥ ነበር። አወጣሁት።

«ከእንግዲህ አልነቅልላትም» አልኩት።

ብዙ ነገር ማለት እፈልግ ነበር፤ የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው። እሱም «ሐሙስ መኪና አለ» ብሎ ገባ።

ሐሙስ በመድኃኒት ካርቶን ላይ ተሳፍረን አውበሬ ሄድን። ሀቦ ኸድራ አንድ ጀሪካን የግመል ወተት ይዛ መንገዱን ሁሉ አጠጣችን። እናቴ በጨርቅ የታሰረ ዓይኗን ወደ ነፋሱ አድርጋ «ምን ይታያል?» እያለች ትጠይቀኛለች። ኩይሳ ይታያል እላታለሁ፤ ግመል ይታያል። ወደ ስደተኞቹ ሠፈር ስንቃረብ ግን «ሰው» ብቻ አልኳት፤ ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል በጨርቅና በእንጨት የቆመ ጎጆ አይቼ አላውቅም። ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ዙሪያ ባዶ ጣሳ የያዘ እጅ ብቻ ነበር የሚታየው። የእናቴ ዓይን በዚያ መሀል ትንሽ ነገር መስሎ ታየኝና አፈርኩ። አቶ ግርማ ግን አላፈረም። ጠዋት ሕፃናቱን አይቶ፣ ቁስል አጥቦ፣ ፀሐይ ዘወር ስትል እጁን ረጅም ጊዜ ይታጠብና ከቆርቆሮ ቤቱ መስኮት ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ሴቶቹን አንድ በአንድ ያስተኛል። እትዬ የሺ ግድግዳው ወዲያ ታዋልዳለች፣ ወዲህ መጥታ እጇን ታጥባ መቀሱን ታቀብላለች። የአራስ ልጅ ጩኸትና የአቶ ግርማ «አይንቀሳቀሱ» በአንድ ጊዜ ይሰማል።

የእናቴ ተራ ሲደርስ እትዬ የሺ ራሷን በሁለት እጇ ያዘችላት። ማደንዘዣው ከሠራ በኋላ እናቴ መጠየቅ ጀመረች።

«አሁን ምን እያደረግህ ነው?»

«እየሰፋሁ ነው እማማ።»

«በነጠላ ክር ነው በድርብ?»

«በነጠላ።»

«ስታጠብቅ እንዳትጨመድደው። ጨርቅ የሚበላሸው ሲጠብቅ ነው።»

«እሺ።»

«ቋጠሮውን ወደ ውጭ አውጣው።»

«ጥሩነሽ!» አለች እትዬ የሺ። «ወይ ስፊው፣ ወይ ተሰፊ!»

አቶ ግርማ ሳቁ እጁን እንዳያንቀጠቅጠው ቀና ብሎ ጠበቀ። ከዚያ መልሶ ጎንበስ አለ። እነዚያ የሙዝ ጣቶች የማይታይ ክር ይዘው፣ እናቴ በደጉ ዘመኗ ከምታወጣው የጣዎስ ላባ የበለጠ የረቀቀ ስፌት ሲያወጡ ቆሜ አየሁ። ለማንም ያላልኩትን ያኔ በልቤ አልኩ፤ ሰው ማለት ይሄ ነው።

ክሩ የወጣ ቀን ጠዋቱ ነፋስ አልነበረውም። አቶ ግርማ ፋሻውን ፈታ፣ ክሮቹን አወጣ፣ በጥጥ ጠረገላት። እናቴ ቀስ ብላ ገለጠች። ጨፈነች። ገለጠች። እንደገና ጨፈነችና ቆየች፤ የሚወጋት ነገር እስኪመጣ እየጠበቀች። አልመጣም። ገልጣ መስኮቱን አየች፣ አቶ ግርማን አየች፣ ከዚያ እኔን። የተኮማተረው ግንባሯ ሲፈታ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። እኔ እንባዬን ለመያዝ ነጠላዬን ነክሻለሁ።

«ያን ነጠላ ከአፍሽ አውጪ» አለችኝ። «ጥርስሽን ልየው።»

እኛ ተመለስን፤ እትዬ የሺ እንደ ቃሏ ቀረች። የጥቂት ሳምንት ነው ያልነው ዓመት ሞላው። ሰማያዊው በረንዳ በአቧራ ነጭ ሆነ፤ አበቦቹን ሀቦ ኸድራና እኔ ተራ ገብተን እናጠጣቸው ነበር። አብዲ ሳል እንደ ቃሉ ምጥ ሸፈነ፤ ያዋለዳቸው ልጆች ገና ሳይናገሩ ሳል ያውቃሉ እየተባለ ተቀለደበት። እትዬ የሺ ስትመለስ ከስታ፣ ጠቁራ፣ ድምፅዋ ብቻ አልቀነሰም ነበር። ጣሳዋን ይዛ በሠፈሩ ዞረች፤ «መሣሪያችሁን ውሰዱ!» ሴቶቹ የትኛው የማን እንደሆነ ረስተዋል፤ ብዙዎቹም አንፈልግም አሉ። እናቴ የአባቴን ለይታ አነሳች። ከዚያ በኋላ ጥልፍ ስትሳሳት ክር የምትመዝበት በእሱ ነበር። አረንጓዴውን ከሰማያዊው ለይታ።

ኋላ አግብቼ ሰላምን የወለድኩት መንግሥት ሊለወጥ አካባቢ፣ ከተማው በወሬ ብቻ በሚውልበት ሰሞን ነው። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ጋሪ ጠፍቶ፣ እትዬ የሺ በእግሯ መጣች። እናቴ ራስጌዬ ነበረች። ልጅቷ ወጥታ ስትጮህ እናቴ «ምንድን ነው? ሴት ናት ወንድ?» እያለች ስትጠይቅ እትዬ የሺ ልጅቷን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት፤ ፊቷን በአውራ ጣቷ ጠረገች፣ ወደ ብርሃኑ አጠጋቻት፣ አየች።

እሑድ ዕለት ያችን አንዷን ፀጉር ነቀልኩላት። የአያቷ ወረንጦ መሆኑን አታውቅም ነበር፤ ከመርፌ ሳጥኔ አንስታ ነው የወሰደችው። ሥራዬን ጨርሼ እንኳ ፊቷ ላይ እንደጎነበስኩ ቀረሁ። «እማ፣ አሁን ደግሞ ምን ታያለሽ?» አለችኝ። እትዬ የሺ ያን ቀን ከመስኮቱ ዞራ ለእናቴ ያለቻትን ነገርኳት።

«ሽፋሽፍቷ ወደ ውጭ ነው።»